አልበሙን እናንተ ሥሩት፣ ኅትመቱን ለእኛ ተዉት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ደብረ ብርሃን እንደምታውቋት ናት። ጉሙ ከጠዋት ይጫናታል፣ ብርዱ ከጋቢ ያልፋል፣ ልጆቹም ትምህርት ተዘግቶ ቤት ውለዋል። ይህን ደብዳቤ የምንልክላችሁ አንድ አሠራራችን ስለተለወጠ ነው።

ከዚህ ክረምት ጀምሮ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃና የቤተሰብ አልበም ገጽ በተዘጋጀ ሞዴል ላይ ሠርተን መስጠት አቁመናል። ያንን የጽጌረዳ ፍሬም፣ የፀሐይ መጥለቂያውን ሥዕል፣ ማንም የማያነበውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማለታችን ነው። ፎቶ ማንሳት፣ ስካን ማድረግ፣ ማተምና መጠረዝ እንደነበረው ይቀጥላል። ገጹን ግን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ እናንተ ትሠሩታላችሁ።

«ሥራ ጠልተው ነው» የሚል አይጠፋም። ምክንያቱ ሌላ ነው። ፎቶው ላይ ነጠላ ያጣፋችው ሴትዮ አክስት ትሁን የክርስትና እናት እኛ አናውቅም። ከኋላ የሚታየው ቤት ዛሬ መፍረሱንም አናውቅም። ስለዚህ እኛ የምንሠራው ገጽ የመሐል ሜዳውንም፣ የደብረ ሲናውንም፣ የሸዋ ሮቢቱንም ቤተሰብ አንድ ያስመስለዋል። በዚያ ላይ ከሒሳቡ ከበድ የሚለው የዲዛይን ዋጋ ነበር። እሱ ቀረላችሁ። ከእንግዲህ የምትከፍሉት ለወረቀት፣ ለቀለም፣ ከፈለጋችሁም ለጥራዝ ነው።

ሥራው አይከብድም። ስልክ ላይ ካንቫ በሚባለው የዲዛይን አፕሊኬሽን ይሠራል። ኢንተርኔት እየተቆራረጠ ለሚያስቸግራችሁ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፓወር ፖይንት ይበቃል፤ የገጹን ልክ እንደፈለጋችሁ መቀየር ይቻላል። የሚያደክመው መምረጡ ነው። አንድ ሠርግ ላይ የወንድም፣ የእህት፣ የሚዜ ስልክ ሁሉ ሲያነሳ ይውላል፤ ማታ ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ተቆልሎ ይገኛል። የእኛ ምክር ቡና ሲፈላ ስልኩን ለትልልቆቹ ሰዎች ማቀበል ነው። እነሱ የሚያቆሙበት ፎቶ ላይ እናንተም ቁሙ። ብዙ ጊዜ ተሰልፈው የተነሱትን ያልፉና አንዱ ጥግ ላይ ሲስቅ የተያዘውን ይመርጣሉ። ትንሽ ቢደበዝዝም ግድ የለም። ለአንድ ገጽ አንድ ትልቅ ፎቶና ሁለት ሦስት ትናንሽ በቂ ናቸው።

የመረጣችሁትን ስም ስጡት። ስልካችሁ 2025-01-19 ብሎ ያስቀመጠው እኛ ዘንድ ጥር 11 ቀን 2017 ጥምቀት ነው። ስለዚህ «2017-05-11 ጥምቀት» ብላችሁ ጻፉት። ዓመቱ ከፊት፣ ወሩ በቁጥር ቀጥሎ፣ ቀኑ መጨረሻ። ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ 05። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል። ክርስትናውና ሠርጉ ተቀላቅለው አያስቸግሯችሁም።

የገጹን ልክ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር አድርጉት። ውጭ አገር የተለመደው የአልበም ገጽ 12 በ12 ኢንች ነው፤ የእኛ ማሽን ለሚያትመው ኤ4 ወረቀት ግን ይሰፋል። የኤ4 ወርድ 21 ሳንቲ ሜትር ነው። 20 ሲሆን በግራና በቀኝ ግማሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይተርፍና ማሽኑ ጠርዙን አይቆርጠውም። ጥራቱ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይሁን፤ ይህም በእያንዳንዱ ጎን 2,362 ፒክስል አካባቢ ማለት ነው። በግራ በኩል 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ባዶ ተዉ። ጥራዙ እዚያ ላይ ነው የሚውለው፤ ፊት ካለበት ፊት ይበሳል።

ስትልኩልን ደግሞ እባካችሁ ቴሌግራም ላይ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል። ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ሲታተም ግን ዓይንና ቅንድብ ይቀላቀላል። አማርኛ ጽሑፍ ያለበትን ገጽ በፒዲኤፍ አስቀምጡት። በድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጽሑፉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ኒያላን ወይም ኖቶ የሚባለውን የኢትዮጵያ ፊደል ብትጠቀሙ ይሻላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ስክሪን ከጀርባው ብርሃን አለው፣ ወረቀት የለውም። ስልኩ ላይ ልክ የመሰላችሁ ፎቶ ሲታተም ጠቆር ይላል። ከመላካችሁ በፊት ትንሽ አፍኩት።

አሁን ወደምንወደው ነገር እንምጣ። ለገጹ ጀርባ የሚሆን ጌጥ ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ። ቤታችሁ ሞልቷል። የመንዝ ዝተት ያለው ሰው አልጋው ላይ ይመልከት። ቀለም ያልነካው የበግ ፀጉር ጥቁሩም ቡናማውም እንዳለ ነው፤ ፈትሉ ወፈር ቀጠን ሲል ይታያል። መስኮት አጠገብ ዘርጉት። ብርሃኑ ከጎን ይምታው፣ ፍላሽ ይጥፋ። ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ዝተቱ ስክሪኑን ሞልቶት አንሱ። ከዚያ ካንቫ ላይ ትራንስፓረንሲ የሚለውን፣ ማለት ምስሉን የሚያሳሳውን፣ ነክታችሁ ወደ 30 አካባቢ አውርዱት። ጽሑፉ ላዩ ላይ በደንብ ይነበባል፣ ሱፉም ከሥር ይታያል። በርኖስ ያላችሁ ደግሞ እድለኞች ናችሁ። ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ከበርኖስ የተሻለ ጀርባ እስካሁን አላየንም።

የእናት ቀሚስ ጥለትም አለ። ከግርጌው ያለውን ጥበብ ብቻ አንስታችሁ ሁለት ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ወርድ ቁረጡትና ከገጹ በታች አስኪዱት። የሙሽራዋ ገጽ ላይ የራሷ ቀሚስ ጥለት ሲሆን ደስ ይላል። ሞሰብ ካለ ከላይ ቁልቁል አንሱት። አለላው ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ ይሰፋል፤ መሐሉ ላይ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ፎቶ ይገባበታል። ሰፌድም እንዲሁ። የሰፋችውን ሰው ስም ከሥሩ ጻፉ። ስንደዶውን ለቅማ፣ አክርማውን ነክራ፣ በወስፌ ስንት ቀን የተቀመጠችበት ሥራ ነው።

ልጆቹን አትርሱ። ለእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ ይሥላሉ፤ ጎረቤት ዞረው ሰጥተው ሳንቲም ተቀብለው ይመለሳሉ፤ ሥዕሉም በዚያው ይቀራል። ዘንድሮ ከማዞራቸው በፊት አምጡልንና ስካን እናድርገው፤ ወይም በስልክ አንሱት። የደብተር ወረቀት መስመር ቢታይበት ምን ችግር አለው? አበባው ዓመት ዓመት እየተለወጠ ሲሄድ አልበሙ ላይ ታዩታላችሁ።

ስለ ጽሑፉም አንድ ቃል። «ደስ የሚል ቀን ነበር» አትበሉ። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ሲሆን እንደነበር ጻፉ። «እማማ ሞላሌ ገበያ ሲሄዱ፤ በግራ ያለችው ያኔ ያሳደግናት በቅሎ» ቢባል ይህን ፎቶ ከሌላው ሁሉ ይለየዋል። ከዚህም የሚበልጥ አለ። የገጹን አንድ ጥግ ነጭ አድርጋችሁ ተዉትና ሲታተም አባት በራሳቸው እጅ እንዲጽፉበት ስጧቸው። ለዚህ የሚሆነው የማያብለጨልጨው ወረቀት ነው። በሚያብለጨልጨው ላይ እስክሪብቶ ይዝረከረካል።

የድሮ ፎቶ ያላችሁ ቀስ በሉ። ብዙ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፍሬም አለ፣ በውስጡም ጉርድ ፎቶ፣ የወታደር ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ ተደርድሯል። እርጥበት ሲገባው ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። በፍጹም አትላጡት። የፎቶው ቀለም መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ ወረቀቱ ብቻ እጃችሁ ላይ ይገባል። ፍሬሙን እንዳለ ይዛችሁ ኑ፤ ከነመስታወቱ ስካን እናደርገዋለን። ለማስፋት የምትፈልጉት 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ ከሆነ በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ ስካን ስናደርገው እስከ 12 በ16 ሳንቲ ሜትር ድረስ ሊታተም ይችላል። ፎቶው ራሱ የደበዘዘ ከሆነ ግን ማሽን ዓይን አይፈጥርለትም። ይህን አስቀድመን እንነግራችኋለን።

አሁን የእጁ ሥራ። ገጾቹን አትመን ስንሰጣችሁ ራሳችሁ መጠረዝ ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ወስፌ፣ ጠንካራ የጥጥ ክርና ወፍራም ካርቶን ነው። ገጾቹን አስተካክላችሁ ካርቶኑን ከላይና ከታች አድርጉ። ከግራ ጠርዝ አንድ ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በማስመሪያ አምስት ነጥብ ምልክት አድርጉና በወስፌ ብሱ። ሁሉን በአንዴ ለመብሳት አትታገሉ፤ አራት አምስት ገጽ እየያዛችሁ ብትሄዱ ቀዳዳው አይጣመምም። ክሩን ጧፍ ላይ ጎተት ጎተት አድርጉት። ሰሙ ሲይዘው አይፈታም፣ አይላላም። ከመሐለኛው ቀዳዳ ጀምራችሁ እየወጣችሁ እየገባችሁ ስፉና እዚያው መሐል ቋጩ። የብራና መጽሐፍ የሚጠርዙት በሌላ መንገድ ነው የሚሰፉት፤ እንጨቱን በስተው፣ ጥራዙን ከጥራዙ እያያያዙ፣ ቆዳ ደጉሰው። እሱን የሚችል ሰው ቤተሰባችሁ ውስጥ ካለ የእኛን ምክር ተዉትና እሱን ለምኑ።

ሽፋኑን ያረጀ ዝተት ቁራጭ ወይም ያለቀ ቀሚስ ብታለብሱት ያምራል። የስፌት ጌጥ የምታደርጉ ከሆነ ሽፋኑ ላይ ብቻ ይሁን። ገጽ መሐል ከገባ ፎቶውን እየተጫነ ምልክት ያወጣበታል።

ሙጫ ላይ ጥብቅ ነን። ማስቲሽ ፎቶ አጠገብ አይድረስ። ነጩ የእንጨት ኮላ ለሽፋኑ ጨርቅ ጥሩ ነው፣ ፎቶ ላይ ግን ወረቀቱን ያጨማድደዋል። ስኮች ዓመታት ሲያልፉ ይቢጫል፣ ሙጫውም እድፉን ትቶ ይላቀቃል። የሚለጠፈው ዋናው የድሮ ፎቶ ከሆነ ጭራሽ አትለጥፉት። ከወረቀት አራት ትናንሽ የማዕዘን ኪሶች ቆርጣችሁ ኪሶቹን ለጥፉ፣ ፎቶውን በጠርዞቹ አስገቡት። ሲያስፈልግ ወጥቶ ይመለሳል። ከጀርባው ስም ስትጽፉ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ። የዱቄት ሙጫ የለመዳችሁም ተዉት፤ ነፍሳት ይወዱታል።

የተጠናቀቀውን አልበም ከግድግዳ ራቅ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ኩበትና እንጨት የሚነድበት ክፍል ውስጥ አይሁን። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱን ጠንቀቅ በሉ፤ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ያለ ፎቶ በሙቀት ይጣበቃል።

ስለ ጊዜው። ለእንቁጣጣሽ የምትፈልጉ ፋይሉን እስከ ነሐሴ 20 አድርሱን። ጳጉሜን ላይ ወረፋው ስለሚበዛ ቃል መግባት አንችልም። የመንዝ ደንበኞቻችን ፋይሉን በቴሌግራም ልካችሁ የታተመውን መናኸሪያ ለምትነግሩን ሹፌር እንሰጥላችኋለን። ከማተማችን በፊት አንድ ገጽ ለሙከራ አትመን ፎቶውን እንልክላችኋለን፤ እሺ ሳትሉ ሌላው አይታተምም። መጀመር የከበዳችሁ ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ስልካችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ። የመጀመሪያዋን ገጽ አብረን እንሠራለን፣ ክፍያ የለውም። ልጆቹንም ይዛችሁ ኑ፤ አፕሊኬሽኑን ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፎቶና የኅትመት ቤታችሁ
ደብረ ብርሃን