ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ አይሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ቴክኖሎጂ የምትጽፉት ሁሌ አዲስ ስለተሠራ ነገር ነው። ማን አፕ ሠራ፣ ማን ተሸለመ። የተሠራውን ማን እየጠበቀው እንደሆነ ግን ሲነሳ አላየሁም፤ እስቲ እኔ ላንሳው።

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ የምተዳደረውም ኮድ በመጻፍ ነው። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የምትቀይር አንዲት የኦፕን ሶርስ ላይብረሪ (ማንም በነፃ ወስዶ የሚጠቀምበትና የሚያሻሽለው ዝግጁ ኮድ) እንጠቀማለን። ጎበዝ ናት፤ በ2015 ጳጉሜን 6 ስትመጣ ግን «የተሳሳተ ቀን» ብላ ድርቅ አለች። አንድ ልጅ ወዲያው ማስተካከያውን ጽፎ ላከ። ማስተካከያው እስካሁን ላይብረሪዋ ውስጥ አልገባም፣ 2019 ላይ ደግሞ ጳጉሜን እንደገና ስድስት ቀን ትሆናለች። ሜንቴይነሩ፣ ማለትም ላይብረሪዋን የሚንከባከባት፣ አንድ ሰው ነው፤ ሥራ ቀየረ፣ ልጅ ወለደ፣ ደከመው፣ ፓስወርዱም ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። አልፈርድበትም፤ በነፃ ሠርቶ የሰጠን ሰው ዕዳ የለበትም። «ኮፒ አድርጋችሁ የራሳችሁን ቀጥሉ» የሚል አይጠፋም። የላይብረሪዋ የአጠቃቀም ፈቃድ ይህን ይፈቅዳል፣ ግን ያኔ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይቀርና የአንዱ ማስተካከያ ለሌላው አይደርስም።

ነገሩ ትንሽ የመሰለው ኤክስዜድን ያስታውስ። ፋይል የሚጨምቅ ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ብዙ ዓይነቶች ውስጥ አለ፤ ለዓመታት በትርፍ ጊዜው የያዘውም በተግባር አንድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ራሱን «ጂያ ታን» ያለ አካል እያገዘ ተጠጋው፤ ማንነታቸው ያልታወቀ ሌሎች ደግሞ «ዘገየህ፣ ሰው ጨምር» እያሉ ወጠሩት። ቁልፉ፣ ማለትም ኮዱን የመቀየርና የማውጣት ሥልጣኑ፣ ጂያ ታን እጅ ሲገባ፣ በ2024 መጀመሪያ በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ የኋላ በር (ሰው ሳያውቅ ሰርቨር ውስጥ የሚያስገባ ስውር መግቢያ) ቀበረ። የታወቀውም አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሰርቨር ውስጥ ለመግባት ግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱ አላስችል ብሎት ሲመረምር ነው። ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ ለማንም አትስጡ» ማለት ለኔ አይዋጥልኝም። ኤክስዜድን የያዘው ሰው ቀድሞውኑ የሚያምናቸው ሁለት ባልደረቦች ቢኖሩት ኖሮ ያ ሁሉ ውትወታ ያን ያህል አያስጨንቀውም ነበር።

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እዩ። ፈጣሪው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ2018 ከመሪነቱ ሲለቅ ቋንቋው አልቆመም፤ አልሚዎቹ ተመካክረው አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት መረጡ፣ ሥራው ቀጠለ።

ደግሞ እኛ ሰሜን ሸዋዎች ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። የመንዝ ጓሳን ሣር እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ለዘመናት የጠበቀው አንድ ጀግና አይደለም። ሕዝቡ አባ ቄራ የሚባል የጥበቃ አለቃ ይመርጥ ነበር፣ በየተራ ይጠብቅ ነበር፣ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፣ የሚከፈተውም ተመክሮበት ነበር።

ኃላፊነት ማካፈል ስል ታዲያ በአንድ ሌሊት ፓስወርድ ማስረከብ አይደለም። የሚመጡትን አቤቱታዎች ማንበብና መለየት አለ፣ መመሪያ መጻፍ አለ፣ አዲስ ሪሊዝ (ለተጠቃሚ የሚለቀቅ ስሪት) ማውጣት አለ። ሰው ከቀላሉ ይጀምር። ጥቂት ወራት ሥራውን እዩለት፣ ከዚያ አንድ ሪሊዝ አብራችሁ አውጡ፣ ከዚያ ነው ቁልፉ። ሪሊዝ እንዴት እንደሚወጣ ደግሞ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ብዙ ፕሮጀክት ላይ ይህ ያለው በሰውዬው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ሥራውን የተወ ሰው ቁልፉ ሲነሳበትም ቅር አይበለው፤ ሲመለስ ይሰጠዋል።

አንድ ነገር ለመምህራን። ተመራቂ ተማሪ በየዓመቱ ያንኑ የተማሪ መመዝገቢያ ሲስተም ከዜሮ ይሠራል፣ ያስረክባል፣ ከዚያ ማንም አይከፍተውም። ከዚህ ይልቅ በሥራ ላይ ያለ አንድ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ተቀብለው ዓመቱን ሙሉ ቢንከባከቡ፣ ነጥብም ቢያዝላቸው፣ ምን ይከለክላል? የሚያስተምር ሰው መልስ ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን