የእንግሊዝኛ ቃላት ክበብ ዓመት፦ ከ«ቲቸር» የወጡ ቃላት

ክበባችን የሚሰበሰበው ረቡዕ ከሰዓት ነው። የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ፊደል ማገላበጥ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ተማሪዎቹ ግን አልቀሩም። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። የተወሰኑ ፊደላት ይሰጣሉ፣ ከእነሱ የሚወጡ የእንግሊዝኛ ቃላት ይፈለጋሉ።

ዘንድሮ ከሁሉም በላይ ያከራከረን «ቲቸር» ነው። ሲጻፍ ሰባት ፊደል አለው፦ ቲ፣ ኢ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤች፣ ኢ፣ አር። መጀመሪያ «ሂት» መጣ፣ «ቲች» መጣ። ቀጥሎ «ኧርዝ» እና «ሃርት» ወጡ። ምድርና ልብ በእንግሊዝኛ አምስቱንም ፊደል ይጋራሉ፤ የሚለያዩት በቅደም ተከተል ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። ሰባቱንም ፊደል የሚጠቀም ሌላ ቃል የለም ብለው ሊዘጉት ሲሉ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ከኋላ «ሄክታር!» አለ። ማንም አላመነውም። ወጥቶ ሰሌዳው ላይ ሲጽፈው አንድም ፊደል አልተረፈም፣ አንድም አልጎደለም።

ሦስተኛው ቃል ቤት ሄደው ካሰቡበት በኋላ መጣ፤ «ቺተር»። አጭበርባሪ ማለት ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። በፈተና ሰሞን ኩረጃ ስናሳድድ የምንውል መምህራን ከዚህ ቃል ጋር ፊደል መጋራታችን ለተማሪዎቹ ትልቅ ድል ነበር። ጊቢ ውስጥ እስኪሰለቸኝ ሰምቼዋለሁ።

ነገሩ ለልጆቻችን ለምን እንደሚከብድ ለወላጆች ልንገር። በአማርኛ የሰማነውን ነው የምንጽፈው። አፋን ኦሮሞም በቁቤ ሲጻፍ እንዲሁ ነው፤ ድምፁ ከረዘመ አናባቢው ይደገማል፣ ከጠበቀ ተነባቢው ይደገማል። ስለዚህ ልጆቹ ቃል የሚፈልጉት በጆሯቸው ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ጆሮን ያታልላል። «ሊስን» እና «ሳይለንት» ስድስቱንም ፊደል ይጋራሉ፣ ሲሰሙ ግን ዘመድ አይመስሉም። «ሊስን» ውስጥ ያለችው ቲ ጭራሽ አትሰማም። በጆሮ የሚፈልግ ልጅ እሷን ይረሳታል። የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ልጆቹ ጆሯቸውን ትተው ዓይናቸውን እንዲያምኑ ማድረግ ነበር። የብዙዎቹ ስፔሊንግ የተሻሻለውም በዚህ ይመስለኛል።

አንድ ዘዴ በጣም ጠቀመን። የቃሉን ፊደላት በኤ ቢ ሲ ዲ ቅደም ተከተል መደርደር ነው። «ቲቸር» ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኢ፣ ኤች፣ አር፣ ቲ ይሆናል። «ሄክታር» እና «ቺተር»ም ሲደረደሩ ያው ናቸው። በዚህ መንገድ አንድ ወፍራም ደብተር ሞላን፤ በግራ የተደረደሩት ፊደላት፣ በቀኝ የወጡት ቃላት። ፊደል ሲገባለት ቃላቱን የሚዘረግፍ የስልክ አፕ ከሚሠራበት መንገድ አንዱም ይኸው ነው። ስልክ አልከለከልንም። ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ግን ብቻ።

በሁለተኛው ሴሚስተር ስክራብል ጀመርን፤ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ደርድሮ ቃል እየሠሩ ነጥብ የሚሰበስቡበት ጨዋታ ነው። የፋብሪካውን መግዛት አልቻልንም፤ ስለዚህ የለስላሳ ቆርኪ ሰብስበን በማርከር ጻፍንበት። ተማሪዎቹ ሁሉም ፊደል በእኩል ቁጥር ይሠራ አሉ። እሺ፣ መጀመሪያ ቁጠሩ አልኳቸው። ከእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው አንድ ገጽ ላይ እያንዳንዱን ፊደል ቆጠሩ፣ ኢ ሁሉንም ጥሎ አለፈ። ጨዋታውን በ1930ዎቹ የፈጠረው አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የጋዜጣ የፊት ገጽ ይዞ ፊደል ቆጠረ። ለዚህ ነው ከ100ዎቹ ጠጠሮች 12ቱ ኢ የሆኑት፣ ኪው ግን አንድ ብቻ፣ ያውም 10 ነጥብ የሚያወጣ። ኤስ 4 ብቻ ነው፤ ብዙ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ቃል ጫፍ ላይ ኤስ እየለጠፉ ነጥብ መልቀም ይሆን ነበር።

ኪው የደረሰው ልጅ ፊቱ ይጠቁራል። «ኪው ካለ ዩ አለ» ተብሎ ነው የተማረው። በቁቤ የተማሩት ግን ይህ አላስጨነቃቸውም። በቁቤ ኪው «ቅ» ነው፣ ዩን አይጠብቅም። መዝገበ ቃላት አገላብጠው ኪው፣ ኤ፣ ቲ የሚል ቃል ያገኙት እነሱ ናቸው። ትርጉሙ ጫት ነው። ጊቢያችን ጫት አይገባም፤ በዚህ በኩል ግን ገብቷል። ብርና ጤፍም እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ተገኝተዋል።

ጠብም ነበረን። ጥቂት ልጆች የሁለት ፊደል ቃላትን ዝርዝር ሸምድደው መጡና ሁሉንም ማሸነፍ ጀመሩ። ሌሎቹ «ይሄ እንግሊዝኛ ሳይሆን ሽምደዳ ነው» ብለው አኮረፉ። እኔም ከአኩራፊዎቹ ጋር ነበርኩ። ትርጉሙን የማይናገር ተጫዋች ነጥብ አያገኝም የሚል ሕግ አወጣን። ሸምዳጆቹ በሳምንቱ ትርጉሙንም ሸምድደው መጡ። ማሸነፋቸውን ቀጠሉ፣ ምን ይባላል።

ዓመቱ ሲያልቅ ከአባላቱ አዲስ ሐሳብ መጥቷል፤ በአማርኛስ ለምን አንጫወትም? አንዷ ተማሪ «ጫማ ሲገለበጥ ማጫ ይሆናል» ብላ ማስረጃ አቅርባለች። ችግሩ ቆርኪው ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፣ እንደ «ሏ» ያሉት ሳይቆጠሩ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ብቻ ብንሠራ እንኳ ጠረጴዛው አይችለንም። ተነባቢና አናባቢውን ለየብቻ እንሥራ የሚሉ አሉ፤ በሳድስ ብቻ ይጻፍና አንባቢው ይገምት የሚሉም አሉ። የአማርኛ መምህራን በሁለቱም አልተስማሙም። ውይይቱ በመስከረም ይቀጥላል። መመዝገብ የሚፈልግ ላይብረሪ ይምጣ፤ ቆርኪ የያዘ ቅድሚያ ያገኛል።