ቅርፊቱ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በርጩማና ወንበር የምሠራ እንጨት ሠራተኛ ነኝ። መጻፍ ሥራዬ አይደለም፤ የማውቀው መላግና መጋዝ ነው። ባለፈው ሰሞን በባህል ገጻችሁ ያወጣችሁትን ካነበብኩ በኋላ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ከላይ ስለ ኖርዌይ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ነዳጅና ዓሣ እንጂ ይህ ነው የሚባል ባህል የላቸውም፣ ቀዝቃዛ ሕዝብ ናቸው ብሎ ደምድሟል። እዚያው ገጽ ታች ላይ ደግሞ የገጠር ሰው አነጋገር እያስመሰለ ሰው የሚያስቅ አንድ ኮሜዲያን ተወድሷል። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ሳያቸው ሳቄ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተናደድኩ።

ስለ ኖርዌይ አንተ ምን አገባህ እንዳትሉኝ። የእህቴ ልጅ በርገን ነው የምትኖረው። ከጅማ ሄዳ በርገን የገባች ሰው ዝናብ አይቀይራትም፤ እዚያም እንደኛው ነው፣ ሲያሻው ቀኑን ሙሉ ይጥላል። ክረምት ላይ መጥታ እኔ ዘንድ ስትሰነብት ስልኳን አውጥታ ያላሳየችኝ ነገር የለም። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

መጀመሪያ ያሳየችኝ የማገዶ ፕሮግራም ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ2013 የመንግሥት ቴሌቪዥናቸው ኤንአርኬ ስለ ማገዶ 12 ሰዓት ያህል አስተላልፏል። መጀመሪያ ሰዎች ስለ አፈላለጡ፣ ስለ አደራደሩ፣ ስለ አነዳደዱ ያወራሉ። ከዚያ በኋላ ምድጃ ውስጥ እሳት ሲነድ ሌሊቱን ሙሉ ማሳየት ነው፣ አለቀ። ሰዉም ቁጭ ብሎ አየው! አይቶም ዝም አላለም፤ ወደ 60 የሚሆን የቅሬታ መልእክት ደረሳቸው። ግማሹ ማገዶው የተደረደረው ቅርፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ነው፣ ስህተት ነው ይላል። ግማሹ ደግሞ ቅርፊቱ ወደ ታች ሆኗል፣ ስህተት ነው ይላል። እኔ ዋንዛ ስጠርብ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን አላየሁም። ከዚያ በፊት በ2009 ከበርገን ኦስሎ የሚሄደውን ባቡር ከመነሻው እስከ መድረሻው ከሰባት ሰዓት በላይ ሳይቆርጡ አሳይተዋል። በ2011 ደግሞ በባሕር ዳርቻቸው የምትሄደውን መርከብ 134 ሰዓት በቀጥታ አስተላለፉ። በየወደቡ ሕዝቡ ባንዲራ ይዞ እየወጣ ለካሜራ እጁን ያውለበልብ ነበር። ቀዝቃዛ ሕዝብ የተባለው ይሄ ነው እንግዲህ።

ነገሩ የሚያስቅ ቢሆንም አንድ ነገር አስተዋልኩ። የማገዶውን ነገር የሚያወራው ሰው በመንደሩ አነጋገር ነው የሚያወራው። ማንም አልሳቀበትም። የእህቴን ልጅ ጠየቅኳት። እዚያ እኮ ሰው አነጋገሩን ይዞ ነው ፓርላማ የሚገባው አለችኝ።

ታሪኩ ረጅም ነው፣ እኔ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኖርዌይ ወደ 400 ዓመት ከዴንማርክ ጋር ነበረች፤ ጽሕፈቱም በዴንማርክኛ ሆነ። በ1814 ሕገ መንግሥታቸውን ጻፉ፣ ግን ወዲያው ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ገቡ፤ ለብቻቸው የቆሙት በ1905 ነው። መሀል ላይ ኢቫር ኦሰን የሚባል የገበሬ ልጅ በ1840ዎቹ አገሩን እየዞረ የየመንደሩን አነጋገር ሰበሰበ። ከዚያም ውስጥ የጽሕፈት ቋንቋ ሠራ። ዛሬ ኒኖሽክ ይሉታል። ከዴንማርክኛው የመጣው ቡክሞል አሁንም አብዛኛው ሰው የሚጽፍበት ነው፤ ያኛው ግን የአናሳ ነው ተብሎ አልተጣለም። ኤንአርኬ ቢያንስ ሩቡን በኒኖሽክ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በ1878 ደግሞ ፓርላማው ልጆች በተቻለ መጠን በገዛ አነጋገራቸው ይማሩ ብሎ ወስኗል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው እኮ!

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ከጥቂት ዓመት በፊት ለአንድ ጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ስሙን አልጠራም። አማርኛዬ ውስጥ ኦሮምኛው እንደልቡ ይገባል ይወጣል፤ ጅማ ስላደግኩ ነው፣ እዚህ ሁላችንም እንዲህ ነን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጉዳዬን ስነግራት ወደ ጓደኛዋ ዞራ ሳቀች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «አባባ፣ እስቲ ይድገሙት» አለችኝ። ደገምኩት፣ ያልሰማችኝ መስሎኝ። ሁለቱም ሳቁ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ጉዳዬንም ጨርሳልኛለች። ይህን ሳቅ ከየት እንደተማረችው ግን አውቃለሁ። ከቴሌቪዥን ነው። እኛ ኮሜዲ ውስጥ ሞኝ ሲያስፈልግ ቀላሉ ዘዴ አነጋገሩን ማበላሸት ነው። ዘበኛው፣ ሠራተኛዋ፣ ከገጠር የመጣው ዘመድ፣ ሁሉም አፋቸውን ሲከፍቱ ሰው ይስቃል። ምን አሉ ብሎ የሚያዳምጥ የለም።

ኖርዌጂያኖቹ አይቀልዱም ወይ? ይቀልዳሉ እንጂ፣ ያውም በራሳቸው። ያን ቴይገን የሚባል ዘፋኝ በ1978 ዩሮቪዥን በሚባለው የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር ላይ ወጥቶ ዜሮ ነጥብ አገኘ። ዜሮ! እኛ ጋ ቢሆን አገር ያዋረደ ተብሎ ስሙ ይጠፋ ነበር። እሱ አልበም አውጥቶ ርዕሱን «የዓመቱ ተሸናፊ» አለው፤ በ1982 እና በ1983 ደግሞ መልሰው ላኩት። በ2013 ዓለምን ያዳረሰው፣ ቀበሮ ምን ብላ ትጮኻለች የሚለው ዘፈንም እንዲሁ ነው። ሁለቱ የበርገን ወንድማማቾች ዘፈኑን የሠሩት ለቴሌቪዥን ፕሮግራማቸው ሲሆን የማይረባ ነገር ሆኖ እንዲቀር፣ በዚያም እንዲቀለድበት ነበር። አልቀረም፤ በአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ዝርዝር ላይ እስከ 6ኛ ድረስ ወጣ። የእህቴ ልጅ ደጋግማ ስታጫውተው ረዳቴ ሥራውን ትቶ እንደ ቀበሮ ሊጮህ ምንም አልቀረው።

እኛን በቀጥታ የሚነካ ቀልድም አላቸው። በ1984 እንግሊዝ አገር ያሉ ዘፋኞች በረሃባችን ምክንያት ያወጡትን ዘፈን ታስታውሳላችሁ፤ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ወይ ብለው የጠየቁትን። ገናን ከነሱ ስንት ዘመን ቀድመን የምናከብረውን ሰዎች! ረሃቡ እውነት ነው፣ ሞቱም እውነት ነው፣ የተላከውን ገንዘብ የምናቅል አይደለንም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ፈረንጅ እኛን ሲያይ የሚታየው ያቺ ሥዕል ብቻ ሆነች። በ2012 የኖርዌይ ተማሪዎችና ምሁራን የእርዳታ ማኅበር ደቡብ አፍሪካ ካሉ ወጣቶች ጋር ሆኖ በዚያ ዓይነቱ ዘፈን የሚቀልድ አንድ ቪዲዮ አወጣ። አፍሪካውያኑ ኖርዌጂያኖች በብርድ እያለቁ ነው ብለው ያዝናሉ፣ ይዘምራሉ፣ የቤት ማሞቂያ ራዲያተር አዋጥተው ይልካሉ። በቃ ይኸው ነው። ገንዘቡን የሚሰጡት እነሱ ሆነው ሳለ የተሳለቁት በራሳቸው አሰጣጥ ነው። ማገዶ ልናዋጣላቸው ይገባ ነበር ብዬ ረዳቴን አሳቅኩት።

ዘፈኑ ላይ ደግሞ የምለው አለኝ፣ ምክንያቱም እናንተ አዝማሪን ከሠርግ ድንኳን ውጭ አታውቁትም። ሃርዳንገር የሚባል ቫዮሊን አላቸው፤ ከላይ አራት ክር፣ ከነሱ ሥር ደግሞ ማንም ሳይነካቸው የሚያስተጋቡ ሌሎች ክሮች አሉት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰባኪዎች የሰይጣን ዕቃ ነው ብለው ያወግዙት ነበር፤ ያቃጠሉትም አሉ። ዛሬ የአገር ኩራት ነው። የኛው ማሲንቆ አንድ ክር ይዞ ስንት ስድብ እንደተሸከመ አስቡት።

ደግሞ ኖርዌጂያኖችን መላእክት እያደረግኳቸው እንዳይመስላችሁ። በሰሜን በኩል ሳሚ የሚባል ሕዝብ አለ፣ አጋዘን አርቢ፣ ዮይክ የሚባል ዜማ ያለው። ለእነዚህ ሰዎች ያ ሁሉ የአነጋገር መብት አልደረሳቸውም። ልጆቻቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ቋንቋቸውን እንዲተዉ ተደረገ፤ ዮይኩም ኃጢአት ተባለ። ማሪ ቦይኔ የምትባል የሳሚ ዘፋኝ አለች። በ1994 ሊልሃመር ላይ የክረምት ኦሊምፒክ ሲከፈት ዝፈኚ ቢሏት እምቢ አለች። ለጌጥ እንዲያቆሟት አልፈለገችም። ይቺን ሴት ብዙ አሰብኳት፤ ምክንያቱም እኛም በበዓል ቀን ሰውን ባህል ልብስ አልብሰን ሦስት ደቂቃ አስጨፍረን በማግስቱ አነጋገሩን እንስቅበታለን።

የነሱ ነገርም ገና አላለቀም። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ፎሰን በሚባል የሳሚዎች አጋዘን ማሰማሪያ ላይ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች የሳሚዎችን መብት ይጥሳሉ ብሎ ፈረደ። ተርባይኖቹ ግን መዞራቸውን ቀጠሉ። በ2023 ወጣቶች ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ገብተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ከመሪዎቹ አንዷ ዘፋኝ ናት። እዚያ ዘፋኝ ከዜና ገጽ አይባረርም ማለት ነው። በዚያው ዓመት የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ሪፖርቱን አቀረበ፤ በኅዳር 2024 ፓርላማው ይቅርታ ጠየቀ። ዘግይቷል፣ ግን ጠየቀ።

ካየሁት ሁሉ በላይ የያዘኝ አንድ ነገር አለ። በሐምሌ 2011 አንድ ነፍሰ ገዳይ 77 ሰው ገደለባቸው፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ፍርድ ቤት ቀርቦ አንድ የልጆች ዘፈን አነሳና ዘፈኑ የልጆችን አእምሮ ያበላሻል ብሎ አማረረ። ዘፈኑ የቀስተ ደመና ልጆች ነው የሚለው። በሚያዝያ 2012 ታዲያ ወደ 40 ሺህ ሰው ኦስሎ አደባባይ ላይ ዝናብ እየመታው ተሰበሰበ። ሊለብየርን ኒልሰን፣ ዘፈኑን ከእንግሊዝኛ ወደ ቋንቋቸው መልሶ የዘፈነው፣ መሀል ቆሞ አብረው ዘፈኑት። የእህቴ ልጅ ቪዲዮውን ስታሳየኝ መላጉን አስቀመጥኩ። አሮጊቱም ሕፃኑም ቃሉን ያውቀዋል። እኔም ጅማ ውስጥ አርባ ሺህ ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ሊዘፍነው የሚችል ምን ዘፈን አለን ብዬ አሰብኩ። አለን። ግን የየሰፈሩ ነው፣ ማንም ቀርጾ አላስቀመጠውም፣ እናንተም አልጻፋችሁበትም።

ስለዚህ ልመናዬ ይሄ ነው። የባህል ገጻችሁ ከአዲስ አበባ ይውጣ። ጋዜጠኛ ላኩ። ከሱቄ ፊት ለፊት ቡና የምታፈላ እናት አለች፤ እየቆላች በኦሮምኛ ትጀምርና በአማርኛ አድርጋ በዳውሮኛ ትጨርሳለች። እሷን ባህል ልብስ ሳታስለብሱ፣ አነጋገሯን ሳታቃኑ፣ እንደተናገረች ጻፉ። ኮሜዲያናችሁንም ከፈለጋችሁ አብራችሁ ላኩት። እሷን አስመስሎ ሳይሆን ከሷ ጋር ተቀምጦ መቀለድ ከቻለ እኔ ራሴ በርጩማ በነፃ እሠራለታለሁ። እሷ ምላሷ ስለታም ነው፣ ቀድሜ ላስጠንቅቀው።

ጋዜጠኛው ሂርማታ ገበያ ሲደርስ በርጩማ ሠሪዎቹ የት ናቸው ብሎ ይጠይቅ፤ ሁሉም ያውቃል። ጃንጥላ ይያዝ። የማገዶውን ክርክር በተመለከተ ደግሞ እዚህ አገር ዝናቡን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ አቋሜን ጻፉልኝ፦ ቅርፊቱ ወደ ላይ ነው።

እንጨት ሠራተኛው
ከጅማ