የስፌት ቤታችን በር እንዳይዘጋ ላደረጋችሁ ሁሉ

ውድ ወዳጆቼ፣ ደንበኞቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ዕዳችንን ከፈልን። ደረሰኙን ይዤ ወደ ስፌት ቤቱ ስመለስ አምስቱም ልጆች ማሽናቸውን አቁመው እየጠበቁኝ ነበር። ማንም ቃል አልተነፈሰም። አንዷ ብቻ ተነሥታ አቀፈችኝ። ፈጣሪ ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግናችሁ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ አልዘልቀውም፣ እንባም ይቀድመኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

ብዙዎቻችሁ የተቸገርነው ሥራ ጠፍቶ ይመስላችኋል። አይደለም፤ ሥራ በዝቶብን ነው። የመጣውን ሁሉ እሺ እል ነበር። ከአንዱ ቀብድ ተቀብዬ በዚያው ቀብድ የሌላውን ሰው ጨርቅ እገዛለሁ። ቀጠሮው ሲደርስ ልብሱ የለም። "ነገ ና"፣ "ሰኞ ብቅ በይ" የዘወትር ቃሌ ሆነ። ሰዉ ቀብዴን መልሺ ማለት ሲጀምር ገንዘቡ ቀድሞ አልቋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል "ዘንድሮ እናድጋለን!" የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። በየቀኑ አየዋለሁ። ጠዋት ገብቼ ምን መሥራት እንዳለብኝ ግን ያ ወረቀት አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለሒሳብ ሠራተኛችን ነው። ጋሼ፣ ስምዎ ሲነሣ እንደማይወዱ ስለማውቅ አልጠራውም። መዝገባችንን አገላብጠው ሲጨርሱ መነጽርዎን አወለቁና "ማደግ ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?" አሉኝ። ገቢ ነው? የደንበኛ ቁጥር ነው? የሠራተኛ ብዛት ነው? መልስ አልነበረኝም። "ታዲያ መድረስሽን በምን ታውቂያለሽ?" አሉኝ። ያን ዕለት ከፍቶኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። በማግሥቱ ግን አብረን ቁጭ ብለን ያለፉትን 40 ትዕዛዞች ቆጠርን። በቀጠሮው ቀን የወጡት 17 ብቻ ነበሩ። ግባችን የተወለደው ከዚያ ቁጥር ነው፦ በ12 ሳምንት ውስጥ ከ10 ትዕዛዝ 9ኙን በተባለው ቀን ማስረከብ። ገቢን ግብ እናድርገው ብዬ ስከራከር "ገቢው በደንበኛው እጅ ነው፤ ቀጠሮ ማክበር ግን በአንቺ እጅ ነው" ያሉኝን አልረሳም።

ቀጥሎ ታናሽ ወንድሜ። እሱ አንባቢ ነው፤ የሰማውን ሳያጣራ አይቀበልም። እኔ ለዓመታት ለሠራተኞቼ የምነግራቸው አንድ ታሪክ ነበረኝ። እ.ኤ.አ. በ1953 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁት ውስጥ ግባቸውን የጻፉት 3 በመቶዎቹ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሀብታም ሆኑ የሚል። "እቴ፣ እንዲህ ያለ ጥናት ተሠርቶ አያውቅም" አለኝ። አፈርኩ። በምትኩ የእውነተኞቹን ነገረኝ። ኤድዊን ሎክ እና ጌሪ ሌተም የሚባሉ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው፤ ቁርጥ ያለና ከበድ የሚል ግብ "የምትችሉትን ያህል ሥሩ" ከሚል ማበረታቻ የተሻለ ውጤት ያመጣል። ልቤ ውስጥ የቀረው ግንድ የሚያመላልሱ የጭነት መኪኖች ነገር ነው። ሌተም ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ጥናት፣ ሾፌሮቹ መኪናው በሕግ ከሚፈቀድለት ክብደት 60 በመቶ ገደማውን ብቻ ይጭኑ ነበር። 94 በመቶ የሚል ግብ ሲሰጣቸው በጥቂት ወራት ከ90 በመቶ በላይ ደረሱ። መኪኖቹም ሾፌሮቹም አልተቀየሩም። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ወዲያው ተነሥቼ "ከ10 ውስጥ 9" የሚለውን በትልቁ ጽፌ ሰቀልኩት።

ግን መስቀሉ ብቻውን ምን ያደርጋል? ቀጠሮ የምናፈርሰው ለምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብን። አንድ ኮት ስንት ሰዓት ይፈጃል ብትሉኝ "8 ሰዓት" ብዬ እምላለሁ። ወንድሜ ሰዓት ይዞ አሥር ኮት ከቅዱ እስከ ካውያው ተከታተለ። አማካዩ 13 ሰዓት ወጣ። የተፈታ ክር ማንሣቱን፣ ልኬት ማስተካከሉን፣ የጎደለ ቁልፍ ፍለጋውን ቆጥሬው አላውቅም ነበር። ስድስት ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ሲሠራ 240 ሰዓት ነው። ለ8 ስታካፍሉት 30 ኮት ይሆናል፤ እኔ የምቀበለውም ልክ 30 ነበር። ለ13 ስታካፍሉት 18 ነው። ያን ቁጥር ሳየው እጄ ወረቀቱ ላይ ደረቀ። በየሳምንቱ 12 ሰው ዋሽቼ ኖሬአለሁ ማለት ነው፤ ሳላውቅ።

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ እንዳልሆነ መስማቴ ትንሽ አጽናናኝ። ዳንኤል ካነማን እና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 "የዕቅድ ስሕተት" የሚል ስም ሰጥተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው በአማካይ 55 ቀን ተኩል ፈጅቶባቸዋል። ሰው የራሱ ሥራ የሚፈጀውን ጊዜ ሲገምት ያሳጥረዋል።

እና ከ18 ኮት በላይ አልቀበልም አልኩ። እዚህ ላይ ባለቤቴን ሳላመሰግን አላልፍም። ዕዳ አንገታችን ላይ ሆኖ ሥራ መመለስ እብደት ይመስላል። የመጀመሪያው ወር ገቢያችን ወረደ። አንድ ቀን እንኳ "ምነው?" አላለኝም። ውዴ፣ ያኔ ብትጠይቀኝ ኖሮ ወደ 30ው እመለስ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፤ ስፌት ቤታችን ውስጥ ከሁሉ ቀድመሽ የተቀጠርሽው እህቴ። በስድስተኛው ሳምንት ቁጥራችን እያማረ ሲሄድ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አንቺ አንድ ኮት ይዘሽ መጥተሽ ብብቱን ገለበጥሽልኝ። ዘምዘማው ተዝለፍልፏል፣ ገበሩ ተስቧል። "ለቀኑ እየደረስን ነው፤ ግን ልብሱ አልደረሰም" አልሽኝ። በዚያ ሳምንት ሦስት ልብስ ተመልሶብን ነበር፤ ማንም ሊነግረኝ አልደፈረም። አንድ ቁጥር ብቻ ስታሳድዱ ያልቆጠራችሁት ነገር እንደሚበላሽ ያየሁት በዚያ ብብት ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ላይ ሁለተኛ መስመር ጨመርን፦ የተመለሰ ልብስ በሳምንት ከአንድ እንዳይበልጥ። ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምናነባቸው። ያን ቀን ዝም ብትዪ ኖሮ፣ ዛሬ በሰዓቱ የሚያስረክብ ግን ማንም የማይመለስበት ስፌት ቤት ነበር የሚኖረን።

የዓርብ ማታ ጓደኞቼ፣ አናጺው፣ ፎቶ አንሺዋ፣ ስልክ ጠጋኙ። ሃያ ደቂቃ በስልክ፣ ከዚያ አይበልጥም። ምን ብዬ ነበር፣ ምን አደረግኩ፣ እስከሚቀጥለው ዓርብ ምን አደርጋለሁ። ምክር ካልተጠየቀ አይሰጥም። ሳላሳካ ስቀር ማንም አልተቆጣኝም፤ ግን ሁላችሁም ታስታውሱ ነበር። ፎቶ አንሺዋ "እሺ ማለት ካመለጠሽስ?" ብለሽ የሰጠሽኝ ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራል። ደንበኛ "ለነገ ይድረስልኝ" ካለ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ደብተሩን እከፍታለሁ። ይኸው ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ "እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ" የሚል ውሳኔን ለዓመታት እንዳጠናው በኋላ ነው የሰማሁት። ደብተሩን ስከፍት ያለው ቦታ ይታየኛል፤ አፌም ይታሠራል።

ልጄ፣ አንቺም የራስሽ ድርሻ አለሽ። የእኔ የግሌ ግብ በሳምንት አራት ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ቤት መግባት ነበር። ቆጣሪዋ አንቺ ነበርሽ። የገባሁበትን ቀን በአረንጓዴ እርሳስ ታከቢ ነበር፤ ያመሸሁበትን ባዶ ትተዪዋለሽ። ሦስት ባዶ ተከታትለው የታዩበት ሳምንት ምንም ሳትናገሪ የቀን መቁጠሪያውን ትራሴ አጠገብ አስቀመጥሽው።

እውነቱን ልናገር፣ በ12ኛው ሳምንት ግባችን አልሞላም። ከ18 ኮት 14 ነበር የወጣው። ጋሼ "ግቡን አናወርደውም፣ ቀኑን እናራዝመው" አሉ። በ15ኛው ሳምንት 17 ወጣ፤ የተመለሰ ልብስ አልነበረም። ከዚያ ዕዳው በየወሩ መቅለል ጀመረ።

ደንበኞቼ ሆይ፣ ቀብዳችሁን መልሱልኝ ማለት መብታችሁ ሆኖ ሳለ የጠበቃችሁኝ፣ ከልቤ አመሰግናችኋለሁ። ተቆጥታችሁ የሄዳችሁትንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያልተመለሰ ቀብድ ያለው ሰው ካለ ደረሰኙ ቢጠፋበትም ይምጣ፤ በመዝገባችን እናየዋለን።

አዲሱ ወረቀት ትናንት ተሰቅሏል። በሚቀጥሉት 12 ሳምንታት ሁለት ለማጅ ልጆችን ኮት ከመቅደድ እስከ መዘምዘም ብቻቸውን እንዲሠሩ ማብቃት ነው። አናጺው "በምን ታውቂያለሽ?" ብሎ ጠይቆኛል። ዓርብ ማታ መልሱን ይዤ እደውላለሁ።