ለእማዬ፦ ከቅጠልና ከልጣጭ ቀለም ስለ ማውጣት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደጅ ተቀምጠሽ በቅጠልና በልጣጭ ጨርቅ ለማቅለም ማሰብሽን ስሰማ ከልቤ ደስ አለኝ። የማውቀውን ልጻፍልሽ።

ቀለም ታጥቦ የሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ በተክሉ ሳይሆን ጨርቁ ስላልተዘጋጀ ነው። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሰምና ስታርች ስላለበት ቀለም አያስገባም። 100 ግራም ጨርቅ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) ጋር በብዙ ውኃ አንድ ሰዓት ቀቅዪው። ውኃው ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ አትደንግጪ፣ የወጣው ቆሻሻው ነው።

ቀጥሎ ቀለሙን የሚያሲዘው አሉም ነው፤ ነጭ፣ ጨው የሚመስል ዱቄት። አሉም ብቻውን ጥጥን አጥብቆ አይዝም፣ ታኒንን (በሻይ ውስጥ ያለውን አፍ የሚያደርቅ ነገር) ግን ይይዛል። ስለዚህ ጨርቁን በመጀመሪያ በወፍራም ጥቁር ሻይ ሁለት ሰዓት ዘፍዝፊው። ከዚያ 15 ግራም አሉም በሙቅ ውኃ አሟሚና ጨርቁን እዚያ ውስጥ አሳድሪው። ሱፍ ከሆነ ሻዩ አያስፈልግም፤ ቀስ እያልሽ አሙቂው እንጂ አታፍዪው፤ ድንገተኛ ሙቀትና ማሸት ሱፍን ያኮማትረዋል።

ለመጀመሪያ የሽንኩርት ልጣጭን ምረጪ፤ ከሁሉም ታማኙ እሱ ነው። 50 ግራም ደረቅ ልጣጭ በውኃ አንድ ሰዓት ቀቅለሽ አጥሊው። ጨርቁን አርጥበሽ ክተቺው፤ ደረቁን ከከተትሽው ይዥጎረጎራል። ሳይፈላ አንድ ሰዓት በእሳት ላይ ይቆይ፣ ከዚያ እዚያው ውስጥ ይደር። ወርቃማ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ይወጣልሻል። ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ይሁን፤ ተራ ብረት ቀለሙን ያጠቁረዋል። ለቀለም የዋለ ድስት ደግሞ ዳግመኛ ምግብ አይሠራበት።

ቀለሙን ሆን ብለሽ ማጥቆር ከፈለግሽ የዛጉ ምስማሮች በኮምጣጤና በውኃ ለሁለት ሳምንት ዘፍዝፊ። ጋዝ ስለሚወጣው ክዳኑን አታጥብቂው። ፈሳሹን በማንኪያ እየለካሽ ወደ ንጹሕ ውኃ ጨምሪና ጨርቁን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ንከሪው፤ ብረት ሲበዛ በተለይ ሱፍን ያደርቀዋል፣ ይሰባብረዋል።

ቀይ ሥርና የቀይ ጎመን ጭማቂ ዓይን ይማርካሉ፣ ነገር ግን አያዛልቁም። እርድ ያለ አሉምም ይይዛል፣ ፀሐይ ላይ ግን ፈጥኖ ይደበዝዛል። የአቮካዶ የውስጥ ዘር ሐምራዊ ሳይሆን ለስላሳ ሮዝ ይሰጣል፤ ቀስ ብሎ ሲቀቀል ነው ውበቱ።

የቅጠል ቅርጽ ማተም ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል! የባሕር ዛፍ ቅጠል በተለይ በሱፍ ላይ ግሩም ነው። በአሉም የተዘጋጀ እርጥብ (የማይንጠባጠብ) ጨርቅ ዘርጊ፣ ቅጠሎቹን ጅማታቸው ጎላ ባለበት በኩል ወደ ጨርቁ አድርገሽ ደርድሪ፣ በእንጨት ላይ ጠበቅ አድርገሽ ጠቅልይና በክር እሰሪ። በእንፋሎት አንድ ሰዓት ተኩል ይቆይ። ሳይቀዘቅዝ አትፍቺው። ምስሉ ከደበዘዘ ጥቅሉ ላልቷል፤ ቀለሙ ከተንሸራተተ ደግሞ ውኃው በዝቷል።

ጨርቅ ካቀለምሽበት ከተረፈው ውኃ የመጻፊያ ቀለም ይሠራል። ወደ ሩብ እስኪወርድ እሳት ላይ አፍዪው፣ ትንሽ የግራር ሙጫ አሟሚበት፣ እንዳይሻግት አንድ ሁለት ቅርንፉድ ጣይበት። በተቀጠቀጠ የእንጨት ጫፍ ተጠቅመሽ ሣዪ።

ስትለቅሚ የወደቀውን አስቀድሚ። የቆመ ዛፍን ቅርፊት ዙሪያውን አትላጪ፣ ዛፉ ይሞታል። መርዛማውን አስተናግር አትንኪ፣ የቁልቋል ወተትም ዓይን ይጎዳል። የማታውቂውን ተክል እሳት ላይ አትጣጂው። እንፋሎቱን ነፋስ ከፊትሽ እንዲወስድልሽ አድርጊና ተቀመጪ።

እርጥብ ጨርቅ ለእጅሽ ስለሚከብድ 30 በ30 ሴንቲሜትር እያደረግሽ ቁረጪው። ከባድ ድስት ከማንሣት በትንሽ ጣሳ ቅጂ። እሳት ያልተመቸሽ ቀን ልጣጩን፣ ውኃውንና ጨርቁን በመስተዋት ማሰሮ ከትተሽ ፀሐይ ላይ ለሁለት ሳምንት አኑሪው፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ በሚገባ ይቀልማል።

ከእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ትንሽ ቆርጠሽ ግማሹን በካርቶን ሸፍነሽ መስኮት ላይ ስቀይው፤ የትኛው እንደሚደበዝዝ ያኔ ይታያል። በጀርባው የተክሉን ስምና መጠኑን ጻፊልኝና ስመጣ አብረን እናየዋለን።

ልጅሽ