ዝቃጩስ የት ይደርሳል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባክቴሪያዎች የተበከለ ውኃን ከከባድ ብረቶች እንደሚያጸዱ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብሁ። የፋብሪካ ፍሳሽ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ የምሠራ ሰው ነኝና ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ መውጣቱ አስደስቶኛል። የእርሳስና የካድሚየም ድራሻቸው ይጠፋል መባሉ ግን አልተዋጠልኝም። የፈሰሰው ዘይት ቢሆን ኖሮ ባክቴሪያው ሰባብሮ ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በለወጠው ነበር። እርሳስ ግን ንጥረ ነገር ስለሆነ የትኛውም ሕያው ፍጡር አያፈርሰውም፤ ከውኃው ይለየው ወይም መልኩን ይቀይረው እንደሆነ እንጂ።

ይህም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። በኦክስጅን ፈንታ ሰልፌት የተባለውን የድኝ ውህድ የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎችን አየር በማይገባው ጠርሙስ ውስጥ መዳብ ከሟሟበት ፍሳሽ ጋር አድርጋችሁ ጥቂት አልኮል ብትመግቧቸው፣ ሰልፌቱን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወደሚባል ጋዝ ይለውጡታል። ክዳኑ ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ከሥራ ስመለስ ቤተሰቦቼ የሚሉኝን እዚህ አልጽፈውም። ውኃው ከላይ ሲጠራ መዳቡ ከጋዙ ድኝ ጋር ተዋህዶ ሰልፋይድ ይሆንና እንደ ጥቁር ደለል ከሥር ይተኛል፤ ዝቃጭ የምለው ይህን ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ቡደል የሚገኘው የዚንክ ፋብሪካ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተበከለ የከርሰ ምድር ውኃውን በዚሁ ዘዴ አክሟል፤ የሰበሰበውንም ዚንክ ሰልፋይድ መልሶ ለምርቱ አውሎታል።

እንዲህ መልሶ የሚጠቀምበት ከሌለ ግን ደለሉ ሜዳ ላይ ተጥሎ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ሰልፋይዱ ይፈርሳል፤ ብረቱም ወደ ውኃ ይመለሳል። ሜርኩሪ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ወደ ትነት ለውጠው ከውኃው ወደ አየር ይሰዱታል። ከእነዚያው ሰልፌት ተንፋሾች መካከል ደግሞ ወደ ሚቲል ሜርኩሪ የሚለውጡት አሉ፤ እርሱ በዓሣ ሥጋ ውስጥ እየተጠራቀመ የሰውን ነርቭ የሚጎዳ መርዝ ነው። የትኛው ባክቴሪያ ለየትኛው ብረት እንደሆነ ሳይነገር ውዳሴ ብቻ ማውጣት አይበቃም።

«99 በመቶ ተወገደ» የሚለውም አያዘናጋችሁ። በሊትር 5 ሚሊግራም እርሳስ ካለው ፍሳሽ 99 በመቶው ቢወጣ 50 ማይክሮግራም ይቀራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ዘጋቢያችሁ በሊትር ስንት እንደቀረና ዝቃጩን ማን፣ የት እንደሚያስቀምጠው ጠይቆ ይጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የላቦራቶሪ ባለሙያ