«ስታገቢ ይስተካከላል» አትበሏቸው

ክቡር አዘጋጅ፣

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። 11 ዓመት ሠርቼበታለሁ። ሹሩባ እሠራለሁ፣ ካስክ አስገባለሁ፣ ቅንድብ እቀነድባለሁ። የምጽፍላችሁ ሥራ ላይ ሆኜ ስለማየው የሴቶች የሆርሞን ችግር፣ ስለ ፒሲኦኤስ ነው።

ጥር ላይ አንዲት ልጅ መጣች። 20 ዓመት ቢሆናት ነው። ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላዋለች። የኛን አገር ውርጭ ለሚያውቅ ይሄ አይገርምም። ፀጉሯን ላጥባት ስል ግን አላወርድም አለች። ሌሎቹ ደንበኞች እስኪወጡ ጠበቀች። ከዚያ «እትዬ፣ ይሄን ታነሺልኛለሽ?» ብላ አገጯን አሳየችኝ። ጥቁርና ወፍራም ጺም ነው። በምላጭ ስትላጨው ቆይታ ቆዳዋ ቆስሏል። ዞር ስትል ደግሞ አንገቷ ከኋላው እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። ክው አልኩ። የዛሬ 17 ዓመት እኔም እንዲሁ ነበርኩ።

«ፔሬድሽ በስንት ቀኑ ይመጣል?» አልኳት።

«ኧረ እኔ እንጃ፣ ከመስቀል ወዲህ አላየሁም።»

ያደግሁት መንዝ፣ ሞላሌ ነው። በ17 ዓመቴ የወር አበባዬ ሦስት ወር፣ አራት ወር መጥፋት ጀመረ። እናቴ አንገቴን በሎሚና በሳሙና ትፈትገው ነበር። «ሴት ልጅ እንዴት አንገቷን አትታጠብም?» እያለች። ቆዳዬ እስኪላጥ ብትፈትገውም አልለቀቀም። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉ እምነቴ ነው፣ ዛሬም እሄዳለሁ። ግን ሐኪምም ያስፈልገኝ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። የመረመረኝ ሰው ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል «ስታገቢ ይስተካከላል» አለኝ። ይህን ቃል አምኜ 6 ዓመት ተቀመጥኩ።

የችግሬን ስም የሰማሁት በ2012 ዓ.ም. ነው። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ ባጭሩ ፒሲኦኤስ። ሐኪሟ በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ኦቫሪዬን፣ እንቁላል የሚወጣበትን አካል፣ ሣለችልኝ። ዳር ዳሩን ትናንሽ ክቦች እንደ መቁጠሪያ ተደርድረዋል። «ስሙ ሳይስት ቢልም እነዚህ እጢ አይደሉም። እንቁላል ሳይበስልባቸው የቀሩ ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው» አለችኝ። በየወሩ አንድ እንቁላል በስሎ መውጣት ነበረበት። እሱ ሲቀር የወር አበባውም ይዛባል። ጺሙ የሚመጣው ሴት ሁሉ በትንሹ ያላት የወንድ ሆርሞን ሲበዛ ነው። የአንገቴ ነገር ደግሞ የደም ስኳርን ከሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ከኢንሱሊን ነው። ሰውነቴ ኢንሱሊንን በደንብ ስለማይቀበል አብዝቶ ያመርተዋል። የበዛው ኢንሱሊን ቆዳ ያጠቁራል፣ ኦቫሪውም የወንድ ሆርሞን እንዲያበዛ ይገፋዋል። የዚያን ቀን ማታ ሞላሌ ደወልኩ። «እማዬ፣ ቆሻሻ አልነበረም» አልኳት። ሁለታችንም አለቀስን።

አንዳንድ ደንበኞቼ «አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ ምንም የለም አሉኝ» ብለው ይተዉታል። ሐኪሞች የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፦ የወር አበባ መዛባት፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት፣ በአልትራሳውንድ የሚታየው ኦቫሪ። ሁለቱ ከተገኙ ይበቃል። በዚያ ላይ የታይሮይድና የፕሮላክቲን የሚባሉ ሆርሞኖች ምርመራ አለ፣ እነሱም ሲዛቡ የወር አበባ ያስቀራሉና። የወር አበባ ማየት ከጀመረች ገና ሁለት ሦስት ዓመቷ የሆነ ልጅ ቢዛባባት ብዙ አትደንግጥ። ከዚያ በኋላ ግን ከ35 ቀን በላይ እየራቀ የሚሄድ ከሆነ መታየት አለባት።

ክቡር አዘጋጅ፣ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ። ፒሲኦኤስ አለብኝ ስል ሰው ሁሉ «ወለድሽ?» ነው የሚለኝ። ወልጄ እንደሆነ እዚህ ሆን ብዬ አልጽፍም። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት መካን ናት ማለት አይደለም። እንቁላሉ እንዲወጣ የሚያግዝ መድኃኒት አለ፣ ብዙዎች ይወልዳሉ። ግን ባታገባስ? ልጅ ባትፈልግስ? የወር አበባ ለወራት ሲቀር የማህፀን ግድግዳ ሳይራገፍ ይወፍራል። ዓመታት ከቆየ ለማህፀን ካንሰር ያጋልጣል። የስኳር በሽታም አለ፣ ድብርትም አለ። ይህን ሁሉ ሰርግ አያድነውም።

ለኔ የታዘዘልኝ ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ እንዲቀበል የሚያግዘው ሜትፎርሚንና የእርግዝና መከላከያ እንክብል ነበር። እንክብሉን «ያመክናል» ብለው የጣሉ ደንበኞች አሉኝ። አያመክንም። የወር አበባን ያስተካክላል፣ ጺሙንም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ሜትፎርሚኑ መጀመሪያ ላይ ሆዴን አሳመመኝ፣ ከምግብ ጋር ስወስደው ተሻለኝ። በጾም ሐኪሟን ጠይቄ ከሰዓት በኋላ ከምበላው ጋር አደረግሁት። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር መጠጣት ተውኩ። ነጭ ዳቦውን በአሹቅና በገብስ ቆሎ ተካሁ። ከቤት እስከ መሃል ከተማ ባጃጅ ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ከ78 ኪሎ 6 ቀነስኩ፣ የወር አበባዬም በራሱ ጊዜ መምጣት ጀመረ። ቀጭን ሆነው ፒሲኦኤስ ያለባቸውም አሉ፤ ስለዚህ «ክብደት ቀንሺ» ብቻ ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት ይህ አለባቸው። እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ደግሞ እንዳለባቸው አያውቁም። ጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ አለውና ጻፉበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ያላገቡትን ልጆች ስለ ወር አበባቸው ቢጠይቁልን።

ያቺ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። ካለፈው ዓመት ጥር ወዲህ የወር አበባ ያየችባቸውን ቀኖች ጻፊ ብያት ነበር። የደብተር ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። አራት ቀን ብቻ ነው የተጻፈው፣ የመጨረሻው የመስቀል ሰሞን። ወረቀቱን ይዘን ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ፀጉር ቤቱን እስከ እኩለ ቀን እዘጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የፀጉር ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን